ኤችዲኤምአዩ «ኖ ሲግናል» ስላለ ፎርማት አታድርገው

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው ሁለት ግራፊክስ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ አለው፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣ ኢንቴል፣ ሌላው ኢንቪዲያ ጂቲኤክስ 1050። የጫነው ኡቡንቱ 24.04 የሚባለውን ሊኑክስ ነው። ሁለት ተጨማሪ ሞኒተር ይጠቀማል። አንዱ በኤችዲኤምአይ ይሰካል፣ ሌላው አሮጌ ስለሆነ ከዩኤስቢ-ሲ ወደ ቪጂኤ በሚቀይር አዳፕተር። አፕዴት ካደረገ በኋላ ኤችዲኤምአዩ «ኖ ሲግናል» ማለት ጀመረ። ሲነካካው የቪጂኤውን ኬብል በሌላ ቀየረ፣ ያኛው ሞኒተርም ምስሉ ተለጥጦ 1024 በ768 ላይ ቀረ። ድራይቨሩን፣ ማለትም ካርዱን የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር፣ ከኢንቪዲያ አውርዶ ደጋግሞ ጫነው፣ ወፍ የለም። «ካርዱ ተቃጥሎ ይሆን? ፎርማት ላድርገው? ወይስ ዶክ (ብዙ ፖርት ያለው ማገናኛ) ብገዛ ይሻላል?» ይላል።

ወንድሜ፣ ፎርማት አታድርግ። ካርዱም ተቃጥሏል ብዬ አላምንም። አንተ አንድ ችግር የገጠመህ መስሎሃል፤ የገጠመህ ግን ሁለት ነው፣ አንዱ የድራይቨር፣ አንዱ የኬብል። በአንድ ሰሞን ስለመጡብህ ተደባልቀውብሃል። ለየብቻ እንያቸው።

መጀመሪያ ኤችዲኤምአዩ። ሁለት ግራፊክስ ባለው ላፕቶፕ ላይ የራሱ ስክሪን ብዙውን ጊዜ ከኢንቴሉ ጋር ነው የሚያያዘው። የውጭ ፖርቶቹ ግን እንደ ሞዴሉ ይለያያሉ። አንዳንዱ አምራች ኤችዲኤምአዩን በቀጥታ ከኢንቪዲያው ቺፕ ጋር ያገናኘዋል፣ ዩኤስቢ-ሲውን ለኢንቴሉ ይተወዋል። ይህ ቦርዱ ላይ የተዘረጋ መስመር ስለሆነ በሴቲንግ አይቀየርም። ሁለት ቆጣሪ የገባበት ግቢ በለው፤ ዋናው ቤት መብራት አለ ማለት ሰርቪሱም አለው ማለት አይደለም። ያንተ የላፕቶፑ ስክሪንና ዩኤስቢ-ሲው እየሠሩ ኤችዲኤምአዩ ብቻ ከሞተ፣ ኢንቴሉ ደህና ነው፣ ኢንቪዲያውን ግን የሚያንቀሳቅሰው የለም ማለት ነው። እርግጠኛ ለመሆን ያንን ሞኒተር ከነኬብሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ እየው። ከሠራ ስለ ሞኒተሩ እርሳው።

አሁን ተርሚናል ክፈት። ትእዛዞቹን እንደ አጠራራቸው ነው የምጽፍልህ፤ አንተ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ጻፋቸው። «ኤልኤስፒሲአይ» ብለህ፣ ክፍት ቦታ ትተህ፣ ሰረዝና «ኬ» ጨምርና ኢንተር በል። ረጅም ዝርዝር ይወጣል። ኢንቪዲያ የሚለውን መስመር ፈልግና ከሥሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል አለ ወይ ብለህ እይ። እዚያ ላይ «ኢንቪዲያ» ካለ ድራይቨሩ ተነስቷል፣ ችግሩ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። «ኖቮ» ካለ ካርዱን የያዘው ነጻው ድራይቨር ነው፤ ቀርፋፋ ቢሆንም ኤችዲኤምአዩ ላይ ምስል ማውጣት ነበረበት። መስመሩ ጭራሽ ከሌለ ግን ካርዱ ባለቤት የለውም። ያንተ ይህ የመጨረሻው እንደሆነ እወራረዳለሁ።

ለምን መሰለህ? ከኢንቪዲያ ያወረድከው፣ ስሙ «ዶት ራን» ብሎ የሚያልቀው ፋይል ሲጫን ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ኖቮ ሁለተኛ እንዳይነሳ የሚከለክል ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል። ሁለተኛ፣ የራሱን ሞጁል (ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ የሚገባበትን ቁራጭ) አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ሰዓት እየሠራ ላለው ከርነል፣ ማለትም ለሲስተሙ እምብርት፣ ብቻ ይገጣጥማል። ከርነሉ ሲቀየር ያ ሞጁል አይሆንም። ስለዚህ ኢንቪዲያው አይነሳም፣ ኖቮም ተከልክሏል፣ አንተም መሃል ላይ ትቀራለህ። 24.04 ደግሞ ከርነሉን ዝም ብሎ የሚያሳድግ ስሪት ነው። ሲወጣ 6.8 ነበር፣ በኋላ ወደ 6.11፣ ከዚያ ወደ 6.14 አልፏል። «ሶፍትዌር አፕዴተር» መጥቶ «ኢንስቶል ናው» ሲልህ እሺ ብለሃል፣ ያ ብቻ ነው ያደረግከው። ጥፋትም አይደለም።

ይህን ለማረጋገጥ ምንም ሳትነካ የምትሠራው ፈተና አለ። ሪስታርት አድርግና ገና ሲነሳ ኢስኬፕ ተጫን፤ አሮጌ ባዮስ ከሆነ ሺፍት ይዘህ ቆይ። የግሩብ ሜኑ፣ ማለትም ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት የሚታየው መምረጫ፣ ይመጣል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ ፎር ኡቡንቱ» የሚለውን ግባበት። የከርነሎች ዝርዝር ታያለህ፣ አዲሱ ከላይ ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለውን አሮጌውን ምረጥ፤ «ሪከቨሪ ሞድ» የሚለውን አይደለም፣ ተራውን። ኤችዲኤምአዩ ከበራ ምርመራው አለቀ። ካርዱም፣ ፖርቱም፣ ኬብሉም ጤነኛ ናቸው፤ የጎደለው ለአዲሱ ከርነል የሚሆን ሞጁል ነው። ሥራ የሚያስቸኩልህ ከሆነ በዚሁ በአሮጌው እየገባህ ልትቆይ ትችላለህ። ካልበራም አትደንግጥ፣ ደጋግመህ ስትጭን የአሮጌውንም ሞጁል አጥፍተኸው ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። አፕዴቱ ሲካሄድ መብራት ሄዶብህ ነበር? ያገለገለ ላፕቶፕ ነው ብለሃል። ያገለገለ ላፕቶፕ ደግሞ ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ የይስሙላ ነው፤ ቻርጀሩ ሲነቀል ይጠፋል። ሞጁሉ እየተገጣጠመ እያለ ማሽኑ ድንገት ከጠፋ ፓኬጆቹ ግማሽ ተጭነው ይቀራሉ፣ ከዚያ በኋላ የምትጭነው ሁሉ በዚያ በግማሹ ላይ ነው የሚቆለለው። ለማንኛውም ይህን አስቀድም፦ «ሱዶ»፣ ከዚያ «ዲፒኬጂ»፣ ከዚያ ሁለት ሰረዝ አከታትለህ «ኮንፊገር»፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና «ኤ»። ተቋርጦ የቀረ ካለ ይጨርሰዋል። ከሌለ ምንም ሳይል ይመለሳል፣ ምንም አይጎዳህም።

ቀጥሎ ጽዳት። «ሱዶ ኢንቪዲያ-አንኢንስቶል» በል፣ ያ ያወረድከው ፋይል የጫነውን ሁሉ ያነሳል። ከዚያ «ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ «ሞድፕሮብ ዶት ዲ» የሚል አለ። እዚያ ውስጥ ስሙ «ኢንቪዲያ-ኢንስቶለር-ዲሴብል-ኖቮ» የሚል ፋይል ቀርቶ ከሆነ አጥፋው። ኖቮን የከለከለው እሱ ነው። አንዳንዴ «ዩኤስአር» ሥር፣ «ሊብ» ውስጥ ባለው ተመሳሳይ ፎልደርም ይገኛል፣ ሁለቱንም እይ። ከጨረስክ «ሱዶ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ»፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና «ዩ»። ሪስታርት። አሁን ኖቮ ካርዱን ይይዘውና ኤችዲኤምአዩ ላይ ምስል የማየት ዕድልህ ሰፊ ነው። ምስል ከመጣ «ካርዱ ተቃጥሏል» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

«ታዲያ ለምን በኖቮ አልቀጥልም?» ትል ይሆናል። ለጽሑፍና ለብራውዘር ብቻ ከሆነ ቀጥል፣ ማንም አይከለክልህም። ግን ኖቮ የተሠራው የኢንቪዲያን ካርድ ከውጭ እያጠኑ ነው። ያንተን ካርድ፣ ፓስካል የሚባለውን ትውልድ፣ ጨምሮ ብዙ ካርዶች ደግሞ ኢንቪዲያ የፈረመበት ፈርምዌር (ካርዱ ራሱ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም) ካልተሰጣቸው ፍጥነታቸውን ከፍ አያደርጉም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ መድረክ ላይ ሆኖ ለኢንቪዲያ የመሃል ጣቱን ያሳየው በባዶ ሜዳ አልነበረም። ኩባንያው በ2022 የከርነል ሞጁሉን ኮድ ክፍት ማድረጉ እውነት ነው፣ ነገሩም ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ያ ግን ከቱሪንግ፣ ማለትም በ2018 ከመጣው ትውልድ ጀምሮ ላሉት ካርዶች ነው። 1050 የ2016 ፓስካል ነው፣ በዚያ ድግስ ላይ አልተጠራም።

ይህ ነጥብ ሌላም ነገር ያብራራል። ደጋግሜ ጭኜዋለሁ ብለሃል። ከነዚያ ባንዱ ስሙ ላይ «ኦፕን» የሚል ያለበትን መርጠህ ከነበር መጫኑ ያለ ችግር ያልቃል፣ ስህተትም አይነግርህም፣ «ኢንቪዲያ-ኤስኤምአይ» ስትል ግን «ኖ ዲቫይስስ ወር ፋውንድ» ይልሃል። ሰው ይህንን ሲያይ ነው ካርዴ ሞተ የሚለው። ካርዱ አልሞተም፣ የሰጠኸው ድራይቨር አያውቀውም።

ስለዚህ ትክክለኛውን ጫን። ከአሁን በኋላ ድራይቨር ከኢንቪዲያ እያወረድክ አትጫን። ይህን ለማንም እላለሁ፤ በጣም የተለየ ምክንያት ካልኖረህ በቀር ያ ፋይል ላንተ አይደለም፣ ከ300 ሜጋባይት በላይ ዳታም ይበላብሃል። «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈት፣ ዝርዝሩን ጠብቅ፣ «ኦፕን» ወይም «ሰርቨር» የሚል የሌለበትን ምረጥ። 580 የሚል ከመጣልህ እሱን ያዝ። 580 ለማክስዌል፣ ለፓስካልና ለቮልታ ካርዶች የመጨረሻው ነው፤ ሰው ከሱ በላይ ያለውን ቁጥር «አዲስ ነው» ብሎ ቢመክርህ አትስማው፣ ካርድህን አያይም። በተርሚናል ከመረጥክ «ሱዶ ኡቡንቱ-ድራይቨርስ ኢንስቶል» ያው ነው፣ ለካርድህ የሚሆነውን ራሱ ይመርጣል።

በዚህ መንገድ የመጫን ትልቁ ጥቅም ሴኪዩር ቡት ከሚባለው የባዮስ ጥበቃ ጋር አለመጋጨት ነው። ሴኪዩር ቡት ሲበራ ከርነሉ ያልተፈረመበትን ሞጁል አይቀበልም። ኡቡንቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጥህ አስቀድሞ የተገጣጠመና በኡቡንቱ ባለቤት በካኖኒካል የተፈረመ ሞጁል ስለሆነ ዝም ብሎ ይገባል፣ ከርነሉ ሲያድግም አብሮ ያድጋል። ሞጁሉ አንተው ማሽን ላይ ከተገጣጠመ ግን ሲጫን ፓስወርድ አውጣ ይልሃል። ከዚያ ሪስታርት ስታደርግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ይህ ስክሪን ብዙ ሰው ያበላሸዋል፣ ምክንያቱም የሚቆየው ለ10 ሰከንድ ያህል ነው፣ ቫይረስም ይመስላል። ቁልፍ ተጫን። «ኤንሮል ሞክ»፣ ከዚያ «ኮንቲኒዩ»፣ ከዚያ «የስ»፣ ከዚያ ያን ፓስወርድ። ስትጽፍ ምንም አይታይህም፣ እየተጻፈ ነው። ኪቦርዱም እዚያ ላይ የአሜሪካ አቀማመጥ ነው፣ ስለዚህ ፓስወርዱን ቁጥር ብቻ አድርገው። ስክሪኑ ካለፈህ ድራይቨሩ ተጭኗል ይልሃል ግን አይነሳም፣ አንተም እንደገና አጥፍተህ ትጭናለህ፣ እንደገና ያልፍሃል። ይህን ዙሪያ ጥምጥም ስንቱ ሰው ሲዞረው ይውላል። ሴኪዩር ቡት መብራቱን ለማወቅ «ሞክዩቲል»፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝ፣ «ኤስቢ-ስቴት» በል። «ኤኔብልድ» ወይም «ዲሴብልድ» ብሎ በቀጥታ ይመልስልሃል። ባዮስ ገብተህ ብታጠፋውም ይሠራል፣ እኔ ግን ከማጥፋቱ መፈረሙን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። «ፕራይም-ሴሌክት ኩዌሪ» ብለህ እይ። መልሱ «ኢንቴል» ከሆነ ባትሪ ለመቆጠብ አንድ ቀን ኢንቪዲያውን አጥፍተኸዋል ማለት ነው። በዚያ ሁኔታ ድራይቨሩ የቱንም ያህል በትክክል ቢጫን ኤችዲኤምአዩ አይበራም። «ሱዶ ፕራይም-ሴሌክት ኦን-ዲማንድ» ብለህ ሪስታርት አድርግ።

አሁን ወደ ቪጂኤው። ይህ ከድራይቨሩ ጋር አይገናኝም፣ ደግሞ ቀላል ነው። ማንኛውም ሞኒተር «እኔ ይህን ይህን ሪዞሉሽን እችላለሁ» የሚል አጭር መረጃ ይዟል፣ ኢዲአይዲ ይባላል። ሞኒተሩ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ያንን ያነባል። ማንበብ ካልቻለ ማን እንደተሰካ ስለማያውቅ አደጋ የሌለውን፣ አብዛኛውን ጊዜ 1024 በ768ን ይሰጣል። ያንተ ሞኒተር የቀረበት ቁጥር ራሱ ይህ ነው። ኬብል ቀይሬ ነበር ብለሃል፤ ኬብሉ ነው።

የቀየርከውን ኬብል ንቀለውና ጫፉን ወደ ብርሃን ይዘህ ፒኖቹን እያቸው። ሰፊው ጎን ወደ ላይ ይሁን። ሦስት ረድፍ አለ፣ በየረድፉ አምስት ቦታ። መካከለኛው ረድፍ ላይ ከግራ አራተኛው፣ 9 ቁጥሩ፣ ብዙ ኬብል ላይ የለም፤ እሱ ችግር የለውም። ታችኛውን ረድፍ ተመልከት። ከግራ ሁለተኛው 12 ቁጥር ነው፣ በስተቀኝ መጨረሻ ላይ ያለው 15። የሞኒተሩ መረጃ የሚያልፈው በነዚህ በሁለቱ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከሌለ ወይም ከታጠፈ ቀለሙ ሁሉ በትክክል ይመጣል፣ መረጃው ግን አይመጣም። ርካሽ ኬብል ላይ ፒኑ ኖሮ እንኳ ከውስጥ ሽቦ ላይኖረው ይችላል፣ ያንን በዓይን አታየውም። የድሮውን ኬብል መልስበት። ጠፍቶ ከሆነ አዲስ ስትገዛ ሻጩ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ እንዲያሳይህ ጠይቅ፣ ትክክለኛው ሪዞሉሽን ራሱ ሲመጣ እያየህ ክፈል። አዳፕተሩም ሊሆን ይችላል፣ ግን ኬብሉን ከመቀየርህ በፊት ይሠራ ስለነበር ከኬብሉ ጀምር።

ሁለቱም ከተስተካከሉ በኋላ ሞኒተሮቹ ቦታቸው ተቀያይሮ፣ ወይም አንዱ ጠፍቶ ቢመጣብህ፣ አሮጌው ሴቲንግ ነው። ሆም ፎልደርህ ውስጥ ኮንትሮልና ኤች ተጫን፣ የተደበቁት ይታያሉ። «ዶት ኮንፊግ» ውስጥ «ሞኒተርስ ዶት ኤክስኤምኤል» የሚለውን አጥፋና ወጥተህ ግባ። ከዚያ ሴቲንግ ላይ እንደገና አደራድራቸው። መስኮት ስታንቀሳቅስ መሃሉ የሚሰነጠቅ ከሆነ ደግሞ ሎግኢን ላይ ከታች በቀኝ ያለችውን የጥርሳም ጎማ ምልክት ነክተህ ምስሉን ስክሪን ላይ በሚያወጡት በሁለቱ ሲስተሞች፣ በዌይላንድና በኤክስ-ኦርግ፣ መካከል ቀይረህ ሞክር። ኢንቪዲያና ዌይላንድ ድሮ አይስማሙም ነበር፤ በ2024 ከወጣው 555 ድራይቨር ወዲህ ግን ብልጭ ድርግም የማለቱ ነገር በጣም ቀንሷል፣ እና ሁለት የተለያየ መጠን ያላቸው ሞኒተሮች ላለው ሰው ዌይላንድ ይሻላል፣ ለእያንዳንዱ ሞኒተር የየራሱን ስኬል መስጠት ይችላል።

ዶኩን በተመለከተ፣ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ግን የቱን እንደምትገዛ እወቅ። ዩኤስቢ-ሲህ ቪጂኤ ማውጣት ከቻለ አብዛኛውን ጊዜ ዲስፕሌይፖርት የሚባለው የምስል መስመር በውስጡ አለ ማለት ነው። ስለዚህ «ኤምኤስቲ»፣ ማለትም ባንድ መስመር ለብዙ ሞኒተር የተለያየ ምስል ማከፋፈል፣ የሚችል ዶክ ብትገዛ ሁለቱንም ሞኒተር በዚያ አንድ ፖርት፣ በኢንቴሉ ላይ ማስኬድ ትችላለህ። የ1050 ዘመን ኢንቴሎች ሦስት ስክሪን ይችላሉ፣ የላፕቶፑን ጨምሮ ልክ ይበቃሃል። ያኔ ኢንቪዲያው በአንድ አፕዴት ቢወድቅ እንኳ ሞኒተሮችህ አይጠፉም። ካርቶኑ ላይ «ዲስፕሌይሊንክ» የሚል የተጻፈበትን ግን እለፈው። እሱ ምስሉን በፕሮሰሰሩ ጨምቆ እንደ ዩኤስቢ ዳታ ነው የሚልከው፣ የራሱ ድራይቨርና የራሱ ከርነል ሞጁል ይፈልጋል፣ እና ከርነሉ ባደገ ቁጥር ይህንኑ ታሪክ ከኢንቪዲያ በተጨማሪ በሱም ትጀምረዋለህ። በሱቅ ያሉት ርካሾቹ ብዙዎቹ ደግሞ ኤምኤስቲ የላቸውም፣ ሁለት ኤችዲኤምአይ ቢኖራቸውም አንዱን ምስል ሁለቱም ላይ ይደግሙታል። ሻጩ በዊንዶውስ አሳይቶህ ሁለት የተለያየ ምስል ካመጣ ኤምኤስቲ ወይም ዲስፕሌይሊንክ ነው፤ ድራይቨር ሳይጭን ካመጣው የመጀመሪያው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከተቻለ ግን የራስህን ላፕቶፕ ይዘህ ሂድና እዚያው ኡቡንቱው ላይ ሰክተህ እይ።